የነገሩን ሆድ ያልሰማው ዳኛ

«ሁለቱም» ማለት አንዱ ማለት አይደለም። ሌላው ማለትም አይደለም። አንዱ በራሱ ሙሉ ሆኖ፣ ሌላውም በራሱ ሙሉ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ሲጠሩ የሚነገር ቃል ነው። ስለዚህ «ሁለቱም» ለማለት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ አንዱን ማወቅ አለበት፤ ቀጥሎ ሌላውን ማወቅ አለበት፤ ቃሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጥልቅ ሐሳብ አይደለም። ገበያ ሄዶ እንቁላል የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱም ደህና ናቸው ከማለቱ በፊት እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል።

መምህር አጥናፉ ይህን ለተማሪዎቻቸው ማስረዳት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በየዓመቱ ሁለት አስቸጋሪ ድርሰቶች ይሰጣሉ፤ አንብባችሁ፣ ተረድታችሁ፣ አወዳድራችሁ ጻፉ ይላሉ። በየዓመቱም የሚመለስላቸው ወረቀት «ሁለቱም ጸሐፊዎች» ብሎ ይጀምራል። መምህሩ መቆጣት ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን የሚሰማቸው፣ የሚያፈስ ጣሪያውን በየክረምቱ አንጋጦ የሚያይ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

በዚህ ዓመት ወረቀታቸው ተመልሶ ከተሰጣቸው አንዷ ሐመልማል የምትባል ተማሪ ነበረች። ወረቀቱ ላይ ውጤት የለም። «እንደገና» የሚል ቃል ብቻ አለበት። ሰኞ አሻሽላ ካላመጣች ኮርሱን ትወድቃለች፤ ኮርሱን ከወደቀች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ መጀመር አትችልም፤ ጓደኞቿ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ ካሜራ ትይዛለች። ይህን እያሰበች ወደ መምህሩ ቢሮ መጣች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቴ አልገባኝም» አለች። «የሰጡን ድርሰቶች ስለ ይሉኝታ ናቸው። እኔም ሁለቱም ጸሐፊዎች ስለ ይሉኝታ ይናገራሉ ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ይደግፋል፣ ሁለተኛው ይቃወማል አልኩ። ይህ ማወዳደር ካልሆነ ማወዳደር ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያውን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

ሐመልማል ወደ መስኮቱ አየች። «መግቢያውንና መደምደሚያውን በደንብ አድርጌ አንብቤያለሁ። መሃሉ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰው ለመቅጣት የተጻፈ ነው የሚመስለው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይሆናል። ጨርሼው ወደ መጀመሪያው ስመለስ ባለቤቱ ማን እንደነበረ ረስቼዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ድንገት ተነሥቶ ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ ወንዝ መሻገሪያ ያወራል። ምሳሌ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ምሳሌ ነው ብለሽ።»

«አዎ።»

«እህ» አሉ መምህሩ። «ሁለተኛውስ?»

«እሱ አጭር ነው። ግን ጥርስ አይገባለትም። የሚናገረው በግማሽ ነው፤ ግማሹን እኔ እንድሞላለት ይፈልጋል መሰለኝ። እኔ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም።»

መምህር አጥናፉ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ።

«ማን?»

«አንድ ሰው አልኩሽ። ስም የለውም። ስም ከሰጠሁት ስሙን ትይዢና ሌላውን ትተዪዋለሽ።»

ከዚያም እንዲህ ሲሉ ተረኩላት።

አንድ ሰው ነበረ። የመንደር ዳኛ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፤ ጉቦ አይበላም፤ ለዘመድ አያዳላም፤ ቀጠሮ አያጓድልም። ያለበት ችግር አንድ ብቻ ነበር፤ ነገር ቶሎ ይገባዋል። ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው ክፋቱ፣ ገና ሳይነገረው ስለሚገባው ለመስማት ጊዜ የለውም።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበር፤ ቃል መመለስ ይሉታል። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ቆመው ይናገራሉ። ተናግረው ሲጨርሱ ዳኛው ወዲያው አይፈርድም። በመጀመሪያ የአንደኛውን ቃል በራሱ አንደበት መልሶ ይነግረዋል። «አንተ ያልከው ይህ ነው፤ ምክንያትህ ይህ ነው፤ የምትፈልገውም ይህ ነው፤ ቃልህ ነው ወይ?» ይለዋል። ሰውየው የራሱን ነገር ካወቀው «ቃሌ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ካላወቀው እንደቆመ ይቀራል፤ ዳኛውም እንደገና ይሞክራል። ቀጥሎ ለሁለተኛውም እንዲሁ ያደርጋል። ከሳሽም ተከሳሽም ሳይቀመጡ ፍርድ የሚባል ነገር የለም።

በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ነገር ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጅ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እዚያው ያልቃል። ባላጋራው የተናገረውን ከሰከነ አፍ መልሶ የሰማ ሰው፣ «እንዲህ ማለቱ ከሆነማ ምን አካሰሰን?» ብሎ ጋቢውን አንስቶ ይሄዳል።

ዳኛችን ይህን ሥርዓት አይጠላውም፤ ይረዝማል ይል ነበር እንጂ። «የነገርን ራሱንና ጅራቱን ከያዝኩ ሆዱ የት ይሄድብኛል?» የምትል አባባል ነበረችው። ስለዚህ ሰው ንግግሩን ሲጀምር ዓይኑን ተክሎ ያዳምጣል። ሰውየው ወደ መሃሉ ሲገባ የዳኛው ሐሳብ ወደ እርሻው፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ ማታው ራት ይሄዳል። ነገር ሊያልቅ ሲል የተናጋሪው ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ዳኛው ያችን ድምፅ ያውቃታል፤ ያኔ ይመለስና መጨረሻውን ይሰማል። ፊቱ ግን መሄዱንም መመለሱንም አያሳይም። በዚህ ጎበዝ ነበር።

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ» አለች ሐመልማል።

«እኔም አውቃለሁ» አሉ መምህሩ። «ታሪኩን ልቀጥል?»

በዚያ መንደር ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አንዱ መሬቱ ከላይ ነው፤ በርበሬ ተክሏል። ሌላው መሬቱ ከታች ነው፤ ሽንኩርት ተክሏል። አንድ የመስኖ ቦይ ከወንዙ ተነሥቶ በላይኛው ማሳ ጠርዝ ጠርዝ ይሄድና ወደ ታችኛው ይወርዳል። የቦዩ መክፈቻ በላይኛው ገበሬ እጅ ነው። በዚያ ዓመት ላይኛው ገበሬ መክፈቻውን በስንጥቅ ብቻ እየከፈተ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኖ መልቀቅ ጀመረ። የታችኛው ሽንኩርት ጠወለገ። የላይኛውም በርበሬ ቢሆን አላማረበትም፤ የሚጠጣው ከዚያው ክር ነውና። ያ ሰብል የሁለቱም የዓመት ቀለብ ነበር። ተጨቃጨቁ፤ ከዚያም ዳኛው ዘንድ ቀረቡ።

ላይኛው ገበሬ በመጀመሪያ ተናገረ። ይህ ሰው ንግግር ሲጀምር ከአያቱ የሚጀምር ዓይነት ነው።

«አባታችን፣ ነገሩ የውሃ ነገር ነው» አለ። ዳኛው በደንብ ሰማው፤ ነገሩ የውሃ ነገር ነው። «አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከቦዩ ዳር ሾላ ተክሎ ነበር። እኔ ያኔ ጥርስ አላበቀልኩም። ያ ሾላ አድጎ አድጎ፣ ሥሩ የቦዩን ጠርዝ እንደ እጅ ጨብጦ ያዘው። ከዚያ ይህ ጎረቤቴ ቤት ሠራ። ለበርና ለአልጋ እንጨት ቸገረኝ፣ ሾላውን ስጠኝ አለኝ። ጎረቤት ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ቁረጥ አልኩት። ቆረጠ። በሩም አማረ፤ መርቄለታለሁ። ከዚያ ባለፈው ክረምት በቅሎዬ፣ ያቺ ዳማዋ፣ ጤፍ ጭና...»

ዳኛው በሾላው ጊዜ መራቅ ጀምሮ ነበር። በቅሎዋ ጋ ሲደረስ ጭራሽ ሄደ። «የውሃ ነገር ብሎ ጀምሮ በቅሎ ላይ የሚወጣ ሰው ምን ይሰማል?» አለ በልቡ። በቅሎዋ የት ላይ እንደወደቀች፣ ለምን እንደወደቀች፣ ጤፉ እንዴት እንደተበተነ፣ ባለ በቅሎው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቦዩ ምን እንደፈራ፣ ሁሉም ተነገረ፤ ዳኛው ግን አልነበረም። በመጨረሻ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ዳኛው ተመለሰ።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አለ ላይኛው ገበሬ፤ «እኔ ውሃ አልከለከልኩም።»

ታችኛው ገበሬ ተነሣ። እሱ ደግሞ ቃል በሚዛን የሚያወጣ ሰው ነው።

«ሽንኩርቴ ጠወለገ» አለ። ዝም አለ። «የቆረጥኩትን አልካድኩም። ያስፈቀድኩትንም አልረሳሁም። ግንድ ተሰጠኝ እንጂ መሬት አልተሰጠኝም። ባለቤት ያለው ጠርዝ በጎረቤት አይጠገንም።» አሁንም ዝም አለ። «ፍረዱኝ።»

ዳኛው ከዚህ ውስጥ ሽንኩርቱንና ፍረዱኝን ያዘ። የቀረው ተረትና ምሳሌ መሰለው።

«መምህር» አለች ሐመልማል፣ «ይሄኛው ሰውዬ ስለ ውሃ አንድም ቃል አልተናገረም እኮ።»

መምህር አጥናፉ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና አዩዋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ።

«አልተናገረም» አሉ። «ዳኛው ግን አልቆጠረም።»

ከዚያ ቃል የሚመለስበት ሰዓት ደረሰ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሰው ከቦ ይጠብቃል። ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ላይኛው ገበሬ ዞሮ፣ «አንተ ስለ ውሃ ነው የተናገርከው። ውሃ አልከለከልኩም ብለሃል። ቃልህ ነው ወይ?» አለው።

ላይኛው ገበሬ ቆሞ ቀረ። ግራ ገባው። የተባለው ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ እንዲህ ብሏል። ነገር ግን ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ይህን ለማለት አልነበረም። ሾላው የታለ? ጠርዙ የታለ? በቅሎዋ የታለች?

ዳኛው ወደ ታችኛው ዞረ። «አንተም ስለ ውሃ ነው የተናገርከው። ሽንኩርቴ ጠወለገ ብለሃል። ቃልህ ነው ወይ?»

ታችኛውም ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሊድን ይችል ነበር። ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ ሥርዓቱ ደግሞ የቆመ ሰው እያለ ፍርድ የለም ይላል። ዳኛው ግን የቆሙት ቃላቸውን ስላላወቁት መሆኑ አልታየውም። አክብረውት የቆሙ መሰለው። በደግነት ፈገግ አለና፣ «ኧረ ቁጭ በሉ ልጆቼ፣ ፀሐይ ነው» አላቸው።

ሁለቱ ገበሬዎች ተያዩ። ትልቅ ሰው ቁጭ በሉ ብሎ ለመናቸው። መንደሩ ሁሉ ያያል። አልቀመጥም ማለት፣ አልሰማኸኝም ብሎ ሽማግሌን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ማን ይጀምረዋል? ላይኛው ገበሬ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። ታችኛውም ተከትሎ ተቀመጠ።

«ተቀምጠዋል!» አለ ሕዝቡ። ሥርዓቱ ተፈጸመ።

ዳኛው ፈረደ። «ሁለቱም ስለ ውሃ ይናገራሉ» አለ። «ሁለቱም እውነተኛ ሰዎች ናቸው። የሚለያዩት አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች በመሆናቸው ብቻ ነው። ስለዚህ መክፈቻው ሙሉ በሙሉ ይከፈት፤ ውሃውም ለሁለቱም እኩል ይድረስ።»

ሰው ሁሉ አደነቀ። እንዲህ አጭር፣ እንዲህ የተመዛዘነ ፍርድ ከተሰማ ቆይቷል። በአንድ ወገን ይህ፣ በሌላ ወገን ያ፤ ማንም አልተነካም። ዳኛው ለምሳ ቤቱ ደረሰ።

ላይኛው ገበሬ ወደ ቦዩ ሄደ። መክፈቻው ላይ ቆሞ ትንሽ አመነታ። ፍርድ ግን ፍርድ ነው። ሙሉ በሙሉ ከፈተው።

ውሃው በደስታ መጣ። ሾላው የነበረበት ቦታ እስኪደርስ በቦዩ ውስጥ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ጠርዙ እንደ ረጠበ ዳቦ ተቆረሰ። ውሃው መጀመሪያ በርበሬውን አጥቦ ወሰደ፤ ከዚያ አፈሩንም፣ በርበሬውንም፣ ጉቶውንም ይዞ ወርዶ ሽንኩርቱ ላይ ተኛ። በፍርዱ መሠረት ለሁለቱም እኩል ደረሳቸው።

ዳኛው ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ሁለቱ ገበሬዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው አገኛቸው።

«ጠርዙ እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ነግሬዎት ነበር፣ አባታችን» አለ ላይኛው።

«መቼ?»

«በቅሎዋ የወደቀችው ምን ላይ ሆና መሰለዎት? ሾላው ከተቆረጠ ወዲህ ሥሩ በስብሶ ጠርዙ ላልቷል፤ እዚሁ ላይ እኮ ነው የሰመጠችው። ውሃውን ያቀጠንኩትም ጠርዙ እንዳይናድ ፈርቼ ነው። ይጠገን ብዬ ስነግረው፣ ጠርዙ ያለው አንተ መሬት ላይ ነው፣ አንተ ጠግን አለኝ። እኔ ደግሞ ዛፉን የቆረጥከው አንተ ነህ፣ አንተ ጠግን አልኩት።»

«አንተስ?» አለ ዳኛው ወደ ታችኛው ዞሮ።

ታችኛው ገበሬ የሽንኩርት ራስ ከጭቃው አንስቶ እያየ ነበር። «ተናግሬያለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ጠርዙ ደካማ መሆኑን እንግዲህ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ውሃው መቅጠኑ ትክክል እንደነበረም ሁለቱም ያውቁ ነበር። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በፈቃድ የተቆረጠ ዛፍ ጥሎት የሄደውን ጉዳት የሚጠግነው ፈቃጁ ነው ወይስ ቆራጩ? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለአንድ ዳኛ የሚገባ ጥያቄ ነው። ማንም አልፈረደበትም።

መምህር አጥናፉ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ።

«ለምን ተቀመጡ ግን?» አለች ሐመልማል፤ ተናዳለች። «ቆመው ቢቀሩ ምን ነበረበት? ቃሌ አይደለም ማለት ይህን ያህል ከባድ ነው?»

«አፍረው ነው።»

«እሱስ? ሰው ሳይሰማ መፍረድ አላሳፈረውም?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ መምህሩ። «ትንሽ ያዢው፣ እንመለስበታለን። አሁን ስሚኝ። ሁለት ድርሰት ስሰጥሽ ሁለት ሰዎች ፊትሽ ቆመው ቃላቸውን ሰጥተውሻል ማለት ነው። አንዱ ከአያቱ የሚጀምር ነው። አንዱ ግማሹን የሚውጥ ነው። ሁለቱም ያስቸግራሉ፤ አንቺን ለመቅጣት ግን አይደለም፤ የያዙት ነገር ስላስቸገራቸው ነው። አንቺ ራሱንና ጅራቱን ይዘሽ ስለ ይሉኝታ ይናገራሉ ብለሽ ፈረድሽ። የወንዙን መሻገሪያ ምሳሌ ነው ብለሽ አለፍሽው። ዳኛውም በቅሎዋን ያለፋት እንዲሁ ነው። ልዩነታችሁ አንድ ነው። እሱ ፊት የቆሙት ሰዎች፣ ቢያንስ ለትንሽ ጊዜ፣ ቆመው ቀርተዋል። ወረቀት ግን አይቆምም። ወረቀት ሁልጊዜ ተጋድሞ ነው የሚገኘው። ያላለውን ብለሃል ብትዪው አይነሣብሽም። ስለዚህ በጸሐፊው ፈንታ ቆሞ ‹ቃሌ አይደለም› የሚልሽ ሰው አንቺው ራስሽ መሆን አለብሽ። ይህን ለአንዱ አድርጊ። ከዚያ ለሌላው አድርጊ። ሁለቱም ሲቀመጡልሽ አወዳድሪ። ከዚያ በፊት የጻፍሽው ሁሉ ለምሳ ቤት ለመድረስ ነው።»

ሐመልማል የመጀመሪያውን ድርሰት ከቦርሳዋ አወጣች።

«እርስዎ ጸሐፊውን ይሁኑልኝ» አለች።

«እሺ። ቆሜያለሁ» አሉ መምህሩ፤ ከወንበራቸው ግን አልተነሡም።

«ይሉኝታ ጥሩ ነው ይላሉ።»

«አላልኩም።»

«ይሉኝታ ባህላችን ስለሆነ...»

«ባህል የሚል ቃል ከጽሑፌ ካገኘሽ ደመወዜን ውሰጂ።»

ሐመልማል ገጹን ገለጠች። ወንዝ መሻገሪያው ጋ ደረሰች። ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበችው። አንድ ባለጸጋ አለ፤ ዳኛም፣ ሹምም፣ ቄስም አይፈራም፤ የድሀ መሬት በቀን ይወስዳል። ይሁን እንጂ ሴቶች ልብስ እያጠቡ በሚያወሩበት መሻገሪያ በኩል ማለፍ ስለማይደፍር፣ ገበያ ለመሄድ በየሳምንቱ ተራራውን ይዞራል። አነበበችና ቀና አለች።

«እርስዎ የሚሉት» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሉኝታ ጥሩ ነው የሚለውን አይደለም። ጉልበተኛን የሚይዘው ሌላ ነገር ሁሉ ሲጠፋ፣ የመጨረሻው ልጓም እሱ ነው፤ እሱንም ከጣላችሁት በምን ትይዙታላችሁ? ነው የሚሉት። እየጠየቁ ነው እንጂ እየደገፉ አይደለም።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። «ሂጂ ወደ ሁለተኛው» አሉ።

ሁለተኛውን ድርሰት አነበበች። አጭር ስለሆነ ደጋግማ ለማንበብ አልከበዳትም። «ጸሐፊው የሚለው፣ ልጓም ነው ትላላችሁ፤ ፈረሱ ግን የትኛው ነው?» አለች። «ጉልበተኛው በአደባባይ ሰው ሳይሰማ ይፈርዳል፤ አያፍርም። የሚያፍሩት ጭቃ ውስጥ የቆሙት ናቸው። ይሉኝታ የሚይዘው ቀድሞም የተያዘውን ነው ይላል።» አቆመችና ግንባሯን ያዘች። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አንዱ ደጋፊ አንዱ ተቃዋሚ አይደሉም። ጉልበተኛ መያዝ አለበት በሚለው ይስማማሉ። የሚለያዩት ይሉኝታ ማንን ይይዛል በሚለው ነው።»

«ጭቃው ከድርሰቱ ውስጥ የለም» አሉ መምህሩ፤ «ሌላውን ጻፊው።»

ሐመልማል ጻፈችው፤ ሰኞ አስገባች፤ ኮርሱንም አለፈች። ውጤቷ ሲ ፕላስ ነበር። ውጤቱን ባየች ማግስት ወደ ቢሮ ተመልሳ መጣች፤ ሲ ፕላስ የተሰጣት ለሁለተኛው ጸሐፊ ያነሰ ቦታ ስለሰጠች መሆኑን፣ መምህሩም ይህን እንደ ጉድለት የቆጠሩት አጭር የጻፈ ሰው አጭር አስቧል ማለት እንዳይመስል ሰግተው መሆኑን፣ ከራሳቸው ከመምህሩ በተሻለ አቀናብራ ነገረቻቸው። ከዚያ የማትስማማበትን ነጥብ አሳየቻቸው፤ ሁለተኛው ጸሐፊ መልስ እየሰጠ ስለሆነ፣ ጥያቄው በሰፊው ካልተብራራ መልሱ አይገባም አለች። መምህር አጥናፉ ሁለተኛውን ድርሰት አንስተው እንደገና አነበቡት።

«ልክ ነሽ» አሉ።

ውጤቱ ግን ሬጅስትራር ገብቶ ነበር።